ባህር ዳር ላይ የራሳችሁን የግብር ቢሮ ለመክፈት ላሰባችሁ

አካውንቲንግ ተመርቃችሁ፣ ወይ የሆነ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ስትሰሩ ቆይታችሁ፣ አሁን የራሴን ጠረጴዛ ይዤ ለነጋዴው ግብር ልስራ የምትሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ስለምትጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። የምሰራው እዚሁ ባህር ዳር ነው፣ አንዲት ክፍል ቢሮ፣ እኔና አንዲት ልጅ፣ የግብር ሰሞን ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው እንጨምራለን። ደንበኞቻችን ትልልቅ አይደሉም፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የልብስና የቤት ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ፣ ፔንሲዮን፣ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ፣ ከጣና ዓሳ ተቀብለው ለሆቴል የሚያቀርቡ፣ እንደዚህ አይነት ሰዎች ናቸው። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዛች ሱቅ ነው፣ ስለዚ አንድ ደብዳቤ ሲመጣባቸው እንቅልፍ ያጣሉ፣ ስራችንን ስንሰራ ይሄን እያሰብን መሆን አለበት።

ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የግብር ጉዳይ የሚሸነፈውም የሚረታውም በቀንና በወረቀት ነው። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የያዘና ወረቀቱን ያስቀመጠ ነጋዴ በጣም ከባድ የሚመስል ውሳኔ ላይ እንኳን ተከራክሮ ያስተካክላል፣ ቀኑ ያለፈበትና ወረቀት የሌለው ግን እውነቱ ከሱ ጋር ቢሆንም ይከፍላል። ብዙ ፋይል አይቼ ነው የምለው። ህጉን ከኔ በላይ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ደንበኛን የሚያድነው ግን ጥቅምት ላይ የሚጠቀስ አንቀጽ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ሰኔ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ደረሰኝ ነው።

ስለ ፈቃድ ቶሎ ልለፍ። የሂሳብ ባለሙያና የኦዲተር ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው፣ የታክስ ወኪልነት ደግሞ በታክስ አስተዳደር አዋጁ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ ስራ ነው፣ ከዛ ንግድ ፈቃድና ቲን እንደማንኛውም ሰው። የሌላ ሰው ፈቃድ ተከራይቶ በሰው ማህተም መስራት የሚባለው ነገር ውስጥ አትግቡ፣ ችግር ሲመጣ የሚጠየቀው ባለማህተሙ ብቻ አይደለም፣ ደንበኛችሁም የቀረበለት ሂሳብ ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ውክልና ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ደንበኛው በቃል ወክሎኛል ብላችሁ መስኮት ላይ አትቁሙ፣ ውልና ማስረጃ አስጽፉ፣ «ግብር ማስታወቅ፣ መክፈል፣ ቅሬታና ይግባኝ ማቅረብ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይግቡበት። «ደብዳቤ መቀበል» የሚለውን ግን አስባችሁበት አስገቡ፣ ምክንያቱም እናንተ ከፈረማችሁ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከናንተ ፊርማ ነው፣ ለደንበኛው የነገራችሁት ከሳምንት በኋላ ከሆነ ሳምንቷ ከሱ ላይ ነው የሄደችው።

ሌላው ጀማሪዎች ላይ የማየው ነገር የፌዴራሉን አዋጅ ብቻ አንብበው መምጣት ነው። በክልል ውስጥ ያለ ግለሰብ ነጋዴ ግብሩ የክልሉ ነው፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 97 ላይ እንደዛ ነው የሚለው፣ ስለዚ እዚህ የምታስተናግዱት አብዛኛው ሰው የሚዳኘው በክልሉ አዋጅና በክልሉ ገቢዎች ቢሮ መመሪያ ነው። ይዘቱ ከፌዴራሉ 979/2008 የገቢ ግብር አዋጅና ከ983/2008 የታክስ አስተዳደር አዋጅ ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል፣ እኔም ከዚህ በታች ቁጥር ስጠቅስ በነዚህ ነው፣ ግን ማመልከቻ ስትጽፉ የክልሉን አንቀጽ ጥቀሱ፣ ካልሆነ ገና ሳይነበብ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ተብሎ ሊመለስባችሁ ይችላል። የፌዴራሉ ደግሞ በ2017 በወጣው 1395/2017 ማሻሻያ ብዙ ነገሩ ተቀይሯል፤ ነጋዴ በገቢው መጠን ከሚመደብባቸው ደረጃዎች ሐ የሚባለው ቀርቶ በ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ገቢ የሚለዩ ሀ እና ለ ብቻ ሆነዋል፣ ከደሞዝ ላይ ግብር የማይነካው መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ወጥቷል፣ ትርፍ የለኝም ለሚልም ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ የሚሰላ ዝቅተኛ ግብር ገብቷል። ደንበኛው ሬዲዮ ላይ የሰማውን ይዞ ነው የሚመጣላችሁ፣ እናንተ የትኛው ዓመት በየትኛው ህግ እንደሚሰላ ለይታችሁ መንገር አለባችሁ፣ በተለይ የቆየ ውዝፍ ሲሆን። የ2014 ሂሳብ በ2018 ቢታይም የሚሰላው በጊዜው በነበረው ነው።

የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ግብር ማስታወቂያውን ስንሰራ የኖርነው ደግሞ ደረጃ ሐ እስከ ሐምሌ 30፣ ለ እስከ ጳጉሜ 5፣ ሀ እስከ ጥቅምት 30 በሚለው ነው። ሐምሌ ዝናቡ እየወረደ፣ ሰልፉ በረንዳ ላይ ሞልቶ፣ ሰው በፌስታል ደረሰኝ ይዞ «በቃ ስሪልኝ» ብሎ የሚሄድበት ወር ነው። በዛ ሰሞን የሚገባ ብር ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን በሐምሌ ብቻ የሚመጣ ደንበኛን ማዳን አይቻልም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ነው የሚሰራው፣ የሌለው የለም። እኔ ስራው እንደ ስራ የቆመልኝ ደንበኞቼን በወር ክፍያ መያዝ ስጀምር ነው። በየሳምንቱ ልጅቷ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች፣ የግዢ ደረሰኙን፣ የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር)፣ የቤት ኪራዩን፣ የባንክ አድቫይሱን ሰብስባ ትመጣለች፣ እኛ ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን፣ ደረጃ ሀ ለሆኑት ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ። ወር ሲያልቅ የሰራተኛ ደሞዝ ግብሩና ጡረታው፣ የሰራተኛው 7 የአሰሪው 11 በመቶ፣ ቫት ያለበትም ቫቱ፣ ሳይጠራቀም ይሄዳል። ደንበኛው ይሄንን መጀመሪያ ላይ «ለምን በየወሩ እከፍልሻለሁ፣ ግብር በዓመት አይደል» ይላል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሰልፍ ሳይሰለፍ ሲጨርስ ግን ጎረቤቱን ይዞላችሁ ይመጣል።

ደረሰኙ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጽሁፉ ይጠፋል። እዚህ ሙቀት ባለበት ከተማ፣ መስኮት ስር ወይ ሚስማር ላይ ተሰክቶ የከረመ ደረሰኝ አንድ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባዶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የገቢዎች ኦዲተር የሚመጣው ግን ከሶስት ከአራት ዓመት በኋላ ነው፣ ህጉም ውሳኔ ለማሻሻል አምስት ዓመት ይሰጠዋል፣ ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚ የገባ ደረሰኝ ሁሉ በመጣበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ዋናው ከኮፒው ጀርባ ይሰፋል፣ በወር በወር ክላሰር ውስጥ ይገባል። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ አስቀምጬዋለሁ የሚለው አይበቃም፣ በ2015 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማስረጃውን ሁሉ እዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው እንዴት እንደተጨነቀ አይቻለሁ። ሰነድ አለመያዝ በራሱ ቅጣት አለው፣ ከሚከፈለው ግብር 20 በመቶ፣ ይሄ ከዋናው ግብር ሌላ ነው።

ቅጣቱን ለደንበኛ በብር አስልታችሁ ካላሳያችሁት አይገባውም። እኔ ሁሌም በ100,000 ብር ነው የማሳየው። 100,000 ብር ግብር ያለበት ሰው ሳያስታውቅም ሳይከፍልም ሶስት ወር ካለፈው፣ ባለማስታወቁ በየወሩ 5 በመቶ ነው፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፣ እዚህ 15,000 ሆነ። ባለመክፈሉ ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ ከዛ በየወሩ 2 በመቶ፣ 9,000 ሆነ። 24,000 ብር፣ ወለዱ ሳይጨመር፣ ወለዱ ደግሞ የባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው የሚሰላው። አሁን ይሄው ሰውዬ ብር ባይኖረውም በቀኑ ቢያስታውቅ ኖሮ 15,000ው አይኖርም ነበር። ነጋዴው ግን የሚያስበው በተቃራኒው ነው፣ «ብር ሳልይዝ ምን ብዬ እሄዳለሁ» ይልና ይቀራል። ሂዱና አስታውቁ፣ መክፈል ካልቻላችሁ በጽሁፍ የክፍያ ጊዜ ይራዘምልኝ፣ በየወሩ ልክፈል ብላችሁ አመልክቱ፣ ህጉ ይፈቅዳል። ምን ሰርቼ ነው የማስታውቀው የሚልም አለ፣ ሱቁ ተዘግቶ የከረመ፣ መንገድ ተዘግቶበት ዕቃ ያላመጣ፣ እንግዳ ጠፍቶ አልጋው ባዶ የከረመ ፔንሲዮን። እሱም ዜሮ ብሎ ማስታወቅ አለበት። የሚከፈል ግብር ለሌለበት የግብር ጊዜ ባለማስታወቅ ብቻ 10,000 ብር ቅጣት ነው፣ ቫት ላይ ያለ ሰው የግብር ጊዜው ወር ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ዝም ካለ አስቡት። ስራ የቀዘቀዘበትን ሰው በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ስለዚ ደንበኛችሁ ስልክ ማንሳት ካቆመ እናንተ ሱቁ ድረስ ሂዱለት።

ስለ ደብዳቤው ቀን። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ቅሬታ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው። ደብዳቤው ባለቤቱ እጅ ላይገባ ይችላል፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ፈርሞ ይቀበላል፣ ከዛ መሳቢያ ውስጥ ከዜድ ሪፖርት ጥቅሎች ጋር ይከተዋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ነው። እኔ ለሁሉም ደንበኛ ሱቅ አንድ ቀይ ካኪ ፖስታ ሰጥቻለሁ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ከመጣ እዛ ውስጥ ብቻ፣ ፖስታው ላይ ማን እንደተቀበለና ቀኑ ይጻፋል፣ በዛው ቀን ፎቶ ይላክልኛል። ኔትወርክ ከሌለ በባጃጅ ይላክ። ለሱቅ ጠባቂ ልጆቹ ደግሞ ራሴ ሄጄ ነው ያስረዳኋቸው፣ ለባለቤቱ ብቻ መንገር ዋጋ የለውም። ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን ፋይሉ ሽፋን ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን፣ ማመልከቻው ግን ሳምንት ቀርቶት መግባት አለበት ብዬ ነው የምሰራው፣ መብራት መጥፋት አለ፣ በዓል አለ፣ የሚቀበለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው የሚባል ነገር አለ። ስታስገቡ ደግሞ ኮፒው ላይ የገባበትን ቀንና ማህተም አስመቱ። ያለ ማህተም የገባ ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው።

አንድ ፋይል ላሳያችሁ፣ እንዴት እንደሚሰራ የሚገባው በዚህ ነው። የቤት ዕቃ የሚሸጡ እትዬ የምላቸው ደንበኛ ነበሩኝ፣ ከኔ በፊት ሌላ ሰው ነበር የሚሰራላቸው። ኦዲተር የሶስት ዓመት የባንክ ስቴትመንት አስመጥቶ ገቢ የሆነውን በሙሉ ደምሮ ይሄ ሁሉ ሽያጭ ነው ተብሎ ተወሰነባቸው። እንደዛ ሲሆን የትርፍ ግብሩ ብቻ አይደለም፣ ገቢው ለቫት ምዝገባ ከተቀመጠው መጠን ስለሚያልፍ ቫቱም 15 በመቶ ይከተላል፣ ቅጣትና ወለድ ይደረብበታል። እትዬ ደብዳቤውን ይዘው መጥተው «አንቺ ልጄ፣ ሱቁን ከነዕቃው ቢሸጡት ይሄን አያወጣም እኮ» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ስቴትመንቱን በሙሉ አተምነው፣ ወፍራም ነው፣ እሳቸውን አጠገቤ አስቀምጬ መስመር በመስመር ጠየቅኳቸው። ሶስት ማርከር ያዝን። ሽያጭ የሆነው ቢጫ፣ ከራሳቸው አንዱ ባንክ ወደ ሌላው የዞረው አረንጓዴ፣ ሽያጭ ያልሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ብር ደግሞ ሮዝ። አረንጓዴው ቀላል ነው፣ የሁለቱን ባንክ ስቴትመንት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያው ብር በአንዱ ሲወጣ በሌላው ሲገባ ታሳያላችሁ፣ ኦዲተሩ ሁለቱንም እንደ ሽያጭ ቆጥሮት ነበር፣ እሱ ብቻ ብዙ ብር ቀነሰ። ሮዙ ላይ ነው ስራው። የባንክ ብድር አለ፣ ለሱ ከባንኩ ደብዳቤና የብድር ውሉ። ወንድማቸው ለቤት መስሪያ የላኩት አለ፣ ለሱ የሃዋላው ወረቀትና የግንባታ ፈቃዱ። እና እቁብ አለ።

እቁቡ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ደረሰኝ የለውማ። ግን ማስረጃ አለው። የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር አለው፣ ማን መቼ እንደደረሰው የተጻፈበት፣ ዳኛው የፈረሙበት። የሚመለከታቸውን ገጾች ኮፒ አድርገን ዳኛውና ጸሐፊው በጽሁፍ እንዲያረጋግጡ አደረግን፣ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ራሱ ስቴትመንቱ ነው፤ እትዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ አንድ አይነት ብር ያወጣሉ፣ ከዓመት ዓመት ሳይዛነፍ። ያንን ወጪ በቀን ዘርዝረን፣ ደምረን፣ ከደብተሩ ጋር አመሳክረን ስናቀርበው የደረሳቸው ትልቅ ብር ከየት እንደመጣ ማንም ቁጭ ብሎ ቢያየው ይገባዋል። ቅሬታ አጣሪዎቹ ተቀበሉት። አንድ ነገር ግን አልተቀበሉንም፣ እትዬ ለጎረቤት አበድረው የተመለሰላቸው ብር ነበር፣ ወረቀት የለውም፣ ጎረቤትየውም ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ እሱ እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ግብር ተከፈለበት። እኔ አምናቸዋለሁ፣ ግን እኔ ማመኔ ማስረጃ አይሆንም። በመጨረሻ የተወሰነባቸው ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ሆነ፣ እሱንም በጊዜ ክፍያ ከፈሉት፣ ሱቁ አሁንም አለ። ከዛ ወዲህ እትዬ ሰው ሲያበድሩ በሁለት ምስክር ያጽፋሉ፣ የቤትና የሱቅ የባንክ ደብተራቸውንም ለይተዋል። ይሄንን መለየት ለሁሉም ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ቅሬታ አጻጻፍ ላይ። አብዛኛው ነጋዴ ከማመልከቻ ጸሐፊ ጋር ሄዶ «የተወሰነብኝ ግብር ከአቅሜ በላይ ስለሆነ በደግነታችሁ ታይቶልኝ» የሚል ወረቀት ነው የሚያስገባው። ይሄ ልመና ነው፣ ቅሬታ አይደለም። ህጉ የሚፈልገው የትኛው ነጥብ እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ ወደ ምን መስተካከል እንዳለበት በግልጽ እንድትጽፉ ነው፣ የማትከራከሩበትን ክፍል ደግሞ ከፍላችሁ መቅረብ አለባችሁ፣ ካልከፈላችሁ ቅሬታው ራሱ ተቀባይነት ያጣል። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙም በግብር ከፋዩ ላይ ነው፣ «እነሱ ያስረዱ» ማለት አይሰራም። ስለዚ እኔ ስጽፍ ተራ ቁጥር አደርጋለሁ፤ ውሳኔው ገጽ 2 ላይ ሽያጭ ይህን ያህል ይላል፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ በአባሪ 3 እንደሚታየው ከራሱ ሂሳብ የዞረ ነው፣ ስለዚህ ተቀንሶ ይህን ያህል ይሁን። አጭር ነው፣ ስድብ የለውም፣ ኦዲተሩን በስም አያነሳም። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ፊቱ የተቆለለ ፋይል አለበት፣ ቁጥሩን በቀላሉ እንዲያገኘው ካደረጋችሁለት ያያል። አባሪዎቹን ቁጥር ስጧቸው፣ ማርከር የተቀባበትን ስቴትመንት በቀለም ኮፒ አድርጉት፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከገባ ቀለሙ አይታይም፣ ልፋታችሁ ገደል ገባ።

እዛ ካልተሳካ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግብር ይግባኝ ይኬዳል፣ ቅሬታው ላይ በ180 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠም እንደዛው። ይግባኝ ግን ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶ አስይዙ ይላል፣ ከዛ ወደ ፍርድ ቤት 75 በመቶ። ለትንሽ ነጋዴ ይሄ ብር ከየት ይመጣል፣ ስለዚ ቤቱ የሚቆመው ቅሬታው ላይ ነው፣ ያላችሁን ሁሉ እዛ አውጡት፣ ለይግባኝ አቆየዋለሁ ብላችሁ ማስረጃ እንዳትደብቁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ለጠበቃ አስረክቡ፣ ፋይሉን በደንብ አደራጅታችሁ ስጡት፣ እሱ የሱ ሙያ ነው።

ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን ያልመለሰ ሰውም ይመጣላችኋል፣ በጣም ብዙ ናቸው። ካፌ ከፍቶ አልሆን ሲለው ቁልፉን ለአከራዩ ሰጥቶ ሌላ ስራ ጀመረ፣ ዓመታት አለፉ፣ አንድ ቀን አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ወይ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) ሲጠይቅ ሲስተሙ ላይ በየዓመቱ ያልተስታወቀ ግብር ተደርድሮ ያገኘዋል። ስራ ያቆመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅና ምዝገባውን ማሰረዝ አለበት፣ ፈቃዱንም መመለስ። ይሄን ሳያደርግ ለቀረ ሰው የሚደረገው መዘጋቱን በሌላ ወረቀት ማሳየት ነው። አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ፣ የኪራይ ውላቸው የፈረሰበትን ወረቀት ከአከራይዋ አገኘን፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ወሰድን፣ የሰራተኞቹ ጡረታ መቼ እንደቆመ አሳየን፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እዛው ቤት ውስጥ በዛው ዓመት ሌላ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ግብር ሲከፍል ኖሯል። አንድ ቤት ላይ ሁለት ካፌ አይኖርም። ያ ወረቀት ነው ያዳናቸው፣ ከዘጉ በኋላ ያለው ተሰረዘላቸው፣ ሰርተው ያላስታወቁት ጊዜ ግን ከነቅጣቱ ቀረ። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የኪራይ ወረቀት፣ ጡረታ፣ እዛው ቤት ላይ ሌላ ሰው ያወጣው ፈቃድ፣ እነዚህን አራቱን ሁሌም ፈልጉ።

ክፍያ ላይ፣ በፐርሰንት አትስሩ። «ካስቀነስሽልኝ ካስቀነስሽው ላይ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ» ይሏችኋል፣ ብሩ ያጓጓል። እንደዛ ስትሰሩ ደንበኛው የከፈላችሁ ለስራችሁ አይመስለውም፣ ውስጥ ለሆነ ሰው የሰጣችሁለት ነው የሚመስለው፣ ወሬውም እንደዛ ሆኖ ነው የሚወራው። እኔ ስራውን በደረጃ ከፋፍዬ ዋጋ እናገራለሁ፤ ፋይሉን አንብቦ ያዋጣል አያዋጣም ለማለት ይህን ያህል፣ ቅሬታ ለማዘጋጀት ይህን ያህል፣ ይግባኝ ከሆነ ይህን ያህል፣ ውጤቱ ምንም ይሁን። በወረቀት ውል እንይዛለን፣ ደረሰኝ እሰጣለሁ። አንብቤ የማያዋጣ ከሆነ ክፈሉ እላለሁ፣ የሚያስከፋው አለ፣ ግን 50 በመቶ አስይዞ ከሚሸነፍ ዛሬ ቢናደድብኝ ይሻላል። «እዛ የምታውቂው ሰው የለም ወይ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይመጣል፣ መልሴ አንድ ነው፣ የማውቀው ወረቀትዎን ነው ያምጡት እላለሁ። ገቢዎች ያሉ ሰዎችን በአክብሮት ያዟቸው፣ ብዙዎቹ ከኛ ጋር አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው፣ ጫና ውስጥ ነው የሚሰሩት፣ የተስተካከለ ፋይል ስትወስዱላቸው ስራቸውን ነው የምታቀሉላቸው፣ ከጊዜ በኋላ ከናንተ የመጣ ወረቀት ቶሎ ይነበባል። እሱ ነው ትውውቁ።

ደረሰኝ ገዝቼ ወጪ አስገቢልኝ የሚል ይመጣል፣ ጀማሪ ሆናችሁ ኪራይ ሲደርስባችሁ ደግሞ በጣም ይፈትናል። ሀሰተኛ ደረሰኝ በወንጀል ያስጠይቃል፣ እስራት አለው፣ ያዘጋጀውም አይተርፍም። ከዛ በላይ ግን አንድ የሀሰት ደረሰኝ ያለበት ክላሰር ውስጥ ያሉት እውነተኞቹ ሁሉ ይጠረጠራሉ፣ ሰውየው እውነት ያወጣውን ወጪ ሳይቀር ነው የሚያጣው። እንደዚህ ላለው ሰው ቁጭ ብዬ እውነተኛ ወጪውን አወጣለታለሁ፣ ብዙ ጊዜ ረስቶት የተወው ይገኛል፤ የጥበቃው ደሞዝ፣ የባንክ ወለድ፣ ትልልቅ ድርጅት ሲከፍለው የቆረጠበትና ወረቀቱን ያልተቀበለው ዊዝሆልድ፣ እሱ እኮ አስቀድሞ የተከፈለ ግብሩ ነው፣ ወረቀቱን ሄዶ ከወሰደ ከሚከፍለው ላይ ይቀነስለታል። ይሄን አሳይቼው እንቢ ካለ ፋይሉን እመልስለታለሁ።

ፋይል ስትመልሱ፣ ደንበኛ ሲለቅም እናንተ ስትለቁትም፣ ዋናውን ሁሉ በዝርዝር ጽፋችሁ አስፈርማችሁ መልሱ፣ ኮፒውን ያዙ። ያልከፈለ ደንበኛን ሰነድ ይዞ ማስፈራራት የሚባል ነገር አለ፣ በፍጹም አታድርጉት፣ ሰነዱ የሱ ነው፣ ቀን እየቆጠረበት ያለው እሱ ላይ ነው። የቀረበትን ብር በሌላ መንገድ ጠይቁት።